ባሌስትራ፦ ከመኪና ሥር የተጻፈ ታሪክ

ሰባተኛ ወይም ሶማሌ ተራ ብቅ ካላችሁ፣ መኪና ሥር በጀርባው ተንጋሎ የሚሠራ መካኒክ ከረዳቱ ጋር የሚነጋገረውን ለአፍታ አዳምጡ። «ካቻቪቴ አቀብለኝ»፣ «ፔንሳው የት ሄደ?»፣ «ይሄ ቡሎን ዝጓል»፣ «ባሌስትራው አልቆለታል»። ከእነዚህ የዕቃ ስሞች አንዱም ከመቶ ዓመት በፊት አማርኛ አልነበረም። ዛሬ ግን ሁሉም አማርኛ ናቸው። ጎሚስታው ጎማ ሲነቅል፣ ሹፌሩ ፍሬንና ፍሪሲዮን ሲረግጥ፣ ትራፊክ ፖሊሱ ቦሎ ሲጠይቅ፣ ከአፋቸው የሚወጣው ቃል ጣልያንኛ እንደነበረ ማንም አያስበውም።

የአገራችንን ታሪክ በቤተ መንግሥት በር ገብተን ማንበብ ለምደናል። እስቲ ዛሬ በሌላ በኩል፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት ባገለገለ ላንድክሩዘር ሥር ገብተን እናንብበው። እዚያ ዝጎ የተሰበረ ብረት አለ። ያ ብረት ከየት መጣ? ማን ይጠግነዋል? ለምንስ ዛሬም አልጣልነውም? መልሱ ከመካኒኩ ይልቅ ፖለቲከኛውን የሚመለከት ነው።

1900 ዓ.ም.፦ መኪናውና አዋጁ

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች አዲስ አበባ የገቡት በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ መንገድ ባልነበረበት አገር ተራራና በረሃ አቋርጦ ለአፄ ምኒልክ መኪና አመጣ። ሆልትዝ የተባለው ጀርመናዊም የራሱን ይዞ መጣ። ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ ንጉሠ ነገሥቱ ለአዲስ ነገር የነበራቸውን ጉጉት ለማሳየት በየመጽሐፉ ይነሳል።

በዚያው በ1900 ዓ.ም. ግን ምኒልክ ሌላም ነገር አደረጉ። ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ የሚያርሰውን፣ የሚነግደውን በሥራው ምክንያት ማንቋሸሽ እንዲቀር አዘዙ። ምክንያታቸው ቀላል ነበር፤ ሠሪው በስድብ ሸሽቶ ካለቀ፣ ማረሻ የሚሠራ ሰው እንኳ በአገሩ አይገኝም።

ሁለቱ ክስተቶች በአንድ ዓመት መግጠማቸው አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ትርጉማቸው ግን የተያያዘ ነው። መኪና ማስመጣት ቀላል ነው፤ ገንዘብና ወዳጅ ይበቃል። መኪናውን በእግሩ ለማቆየት ግን ባለእጅ ያስፈልጋል። እኛ መኪናውን በእልልታ ተቀብለን፣ ባለእጁን «ቀጥቃጭ» ብለን ለመስደብ ብዙ አሥርት ዓመታት አልበቁንም።

ጣልያን፣ መርካቶና ቃላቱ

ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። የመኪናን ቋንቋ በስፋት ያስተማረን ግን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው ወረራ ነበር። ፋሺስቶች ጦራቸውን ለማንቀሳቀስ መንገድ ቆረጡ፣ ድልድይ ሠሩ፣ የጣርማ በርን ተራራ በስተው አሳለፉ። በዚያ መንገድ ላይ ፊያትና ላንቺያ የጭነት መኪኖች ተመላለሱ። ብልሽታቸውን ይጠግኑ ከነበሩት ጣልያኖች ጎን የአገሬው ልጆች በረዳትነት ቆመው ሥራውን በዓይንና በእጅ ተማሩ። ሙያው ሲገባቸው የዕቃው ስም አብሮ ገባ።

መርካቶም የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ቀድሞ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ወራሪው ከተማዋን በዘር ለመክፈል ባወጣው ዕቅድ መሠረት የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ «የአገሬው ገበያ» የሚል ስም ሰጠው። «ገበያ» የሚለው የጣልያንኛ ቃል ብቻውን ቀርቶ የሰፈር ስም ሆነ። ለማግለል የተሠራው ሰፈር የአገሪቱ የንግድ ልብ ይሆናል ብሎ ያኔ ማን ገመተ?

«ባሌስትራ» የሚለው ቃል ራሱ ታሪክ አለው። በጣልያንኛ ቀስት የሚወረውር የጦር መሣሪያ ስም ነው። በላይ በላይ የተደራረቡት የብረት ምላሶች እንደ ደጋን ጎብጠው ጭነት ሲያርፍባቸው ይዘረጋሉ፣ ጭነቱ ሲነሳ ይመለሳሉ። ሐሳቡ ከመኪና ይቀድማል፤ እንግሊዛዊው ኦባዲያ ኤሊዮት የፈረስ ጋሪን በእንዲህ ያለ ምላስ ላይ ለማሳረፍ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1804 ነው።

ሥርዓት ሲለወጥ፣ ከመኪናው ሥርም ይለወጣል

ከነጻነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፣ የዓለም ባንክም ለመንገድ ብድር ሰጠ። መንገዱ ሲረዝም የእንግሊዙ ላንድሮቨር ገጠር ገባ። ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ የሚሄድ፣ ቀላልና ጠንካራ መኪና ነበር። ጭነቱን ደግሞ ፊያቱ «ኤንትሬ» ተሸከመ፤ ስሙ ሞዴሉ ላይ ካለው «ኤን 3» የመጣ ጣልያንኛ ነው። ቶዮታም በንጉሡ ዘመን ደረሰ።

ደርግ ሲመጣ የሶቪየቱ «ዋዝ» አብሮ መጣ። የካድሬና የመኮንን መኪና ነበር፤ እሱም ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ደግሞ የረድኤት ድርጅቶች ላንድክሩዘር ያንን ሁሉ አቀበትና ሸለቆ አዳረሰ። የብዙ ገጠር ልጅ የመጀመሪያ ትዝታ ነጭ ላንድክሩዘር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 የመጣው 80 የሚባለው ላንድክሩዘር ባሌስትራውን ትቶ በአራቱም እግሩ ሞላ አደረገ። ምቾቱ ጨመረ፤ ከሥር ያለው የጎማ ቡሽና የማያያዣ ዘንግ ብዛትም አብሮ ጨመረ። ከዚያ ወዲህ ባለሥልጣኑም፣ ኮንትራክተሩም፣ ድርጅቱም የሚፎካከርበት መኪና ይኸው ቤተሰብ ሆነ። ሥርዓቱ ያልፋል፤ መኪናው ታርጋውን ቀይሮ ከመንግሥት ወደ ድርጅት፣ ከድርጅት ወደ ግለሰብ፣ ከግለሰብ ወደ ገጠር መንገድ ይወርዳል። በመጨረሻም መርካቶ ይመጣል፤ ወይ ሊጠገን፣ ወይ ተበትኖ ሌላውን ሊጠግን።

ብረት ለምን ይሰበራል?

አዲስ አበባ ደጋ ናት። በአውሮፓ ክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው እኛ ጋ የለም። ስለዚህ የመኪኖቻችን ዝገት ብዙ ጊዜ ከውጭ ይመጣል፤ ያገለገለው መኪና ገና ሲገባ የቀዝቃዛ አገር ጨውን ወይም የባሕር ዳርቻ እርጥበትን ተሸክሞ ነው። እኛ የምንጨምርበት ጭቃውን፣ አቧራውን፣ የኮብልስቶኑንና የፒስታውን እርግፍግፍታ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከልክ ያለፈ ጭነትን ነው።

ጭቃ በባሌስትራው ምላሶች መካከል ገብቶ ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ዝገቱ የብረቱን ፊት ይቦረቡራል። ከዚያች ትንሽ ጉድጓድ ስንጥቅ ይጀምራል፤ መኪናው በዘለለ ቁጥር ይረዝማል፣ አንድ ቀን ቷ ይላል። ሞላም እንዲሁ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ጭቃ በሚጠራቀምበት በታችኛው ጫፉ ነው። ሹፌሩ የሚያውቀው መኪናው ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ወይም መሪው ሲጎትተው ነው። በጎደል ላይ ከሆነ ግን ለማወቅም ጊዜ ላይኖረው ይችላል።

ጥገናው በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል። የዛገውን ቡሎን በዘይት ማራስ፣ እምቢ ካለ በእሳት ማሞቅ፣ ካልሆነም መቁረጥ። ሞላ ወይም ባሌስትራ ሲቀየር የግራና የቀኙን አብሮ መቀየር፣ አለዚያ መኪናው ያነክሳል። ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር የሚያስሩትን የዩ ቅርጽ ያላቸውን ቡሎኖች አሮጌዎቹን አለመመለስ። የጎማ ቡሹን ቡሎን መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ ሳይሆን፣ መሬት ይዞ ክብደቱ ካረፈበት በኋላ ማጥበቅ፤ አለዚያ ጎማው እንደተጠመዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ከሁሉም በላይ የተሰበረ ባሌስትራን አለመበየድ። ይህ ብረት ጠንካራም ተጣጣፊም የሆነው በልዩ የሙቀት አያያዝ ነው። የብየዳው እሳት ያን ጠባዩን ይገድለዋል፤ ስለዚህ ብዙም ሳይቆይ ከብየዳው አጠገብ እንደገና ይሰበራል።

ይህን ሁሉ የሚያውቁ እጆች መርካቶ ውስጥ ሞልተዋል። ብዙዎቹ ግን ዲፕሎማ የላቸውም፤ ያወቁትም ከአለቃቸው ጎን ቆመው ነው፣ አያታቸው ከጣልያኑ ጎን ቆሞ እንደተማረው።

ከባሌስትራ ወደ ማረሻ

የተሰበረው ብረት አይጣልም። ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው ይህን መንገር አያስፈልገውም። የመኪና ባሌስትራ በአንጥረኛ እሳት ገብቶ መጥረቢያ፣ ቢላዋ፣ መጥረብያ መሰል መፍለጫ፣ ማረሻ ይሆናል። ጥሩ ካርቦን ያለው ብረት ስለሆነ ስለቱን ይይዛል።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. «ማረሻ የሚሠራ እንዳታጡ» ብለው ሰጉ። መኪናውም በዚያው ዓመት መጣ። ከመቶ ዓመት በኋላ የመኪናው አጥንት ራሱ በዚያ በተሰደበው ባለእጅ መዶሻ ማረሻ ሆኖ ገበሬው ጋ ደረሰ። በፋብሪካ ያላገኘነውን ብረት በፍርስራሽ አገኘነው። ይህ መኩሪያም ማፈሪያም ነው፦ መኩሪያነቱ የሠሪው ነው፣ ማፈሪያነቱ ደግሞ የብረት ፋብሪካ ዕቅድ እያወጣ ዘመን ያስቆጠረው መንግሥት ነው፤ የትኛውም መንግሥት።

ዛሬስ?

ያለፉት ጥቂት ዓመታት በአሮጌ መኪና ላይ ብዙ ውሳኔ ወርዷል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ማስገባትን በጣም አስወደደ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ እንደማይገቡ አስታወቁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደግሞ በደረሰኝ ቁጥጥር ሳቢያ የመርካቶ ሱቆች ተዘግተው ሰነበቱ።

እያንዳንዱን ውሳኔ ለብቻው መከላከል ይቻላል። ነዳጅ የምንገዛበት ዶላር የለንም፤ አሮጌ መኪና አየር ይበክላል፣ ሰውም ይገድላል፤ ግብር ሳይከፈል አገር አይቆምም። እውነት ነው። ችግሩ ሲደመሩ የሚሰጡት ውጤት ነው። አዲስ መኪና መግዛት ያልቻለ ሰው ያለውን አሮጌ መኪና ይዞ ይቆያል። መለዋወጫው በዶላር ስለሚመጣ ይወደድበታል። ኦሪጅናሉ ሲወደድ ወደ አስመሳዩ፣ አስመሳዩም ሲወደድ ወደ ብየዳው ይሄዳል። አሮጌውን መኪና ከመንገድ ለማስወጣት የወጣ ፖሊሲ፣ አሮጌው መኪና ተበይዶ መንገድ ላይ እንዲቆይ አደረገ።

«ኤሌክትሪክ መኪና ሲበዛ ይህ ሁሉ ያበቃል» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ኤሌክትሪክ መኪና ዘይት አይቀየርለትም፤ ሞላና ቡሽ ግን አለው። ባትሪው ከባድ ስለሆነ እንዲያውም ጫናው ይብሳል። ጉድጓዱም ኮብልስቶኑም ያው ናቸው። የሰባተኛው መካኒክ ነገም ያስፈልገናል።

ምን ይደረግ?

እኔ የምለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ መሪን፣ ፍሬንንና የመኪናን እግር የሚይዙ መለዋወጫዎች እንደ ሽቶና እንደ ጌጥ ዕቃ ሊቀረጡ አይገባም፤ የሕይወት ጉዳይ ናቸው። ሁለተኛ፣ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚያዘው ዓመታዊ ምርመራ ቦሎ መለጠፊያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ መርማሪው በእውነት መኪናው ሥር ገብቶ የተበየደ ባሌስትራ ሲያይ «አይሆንም» ይበል። ሦስተኛ፣ በልምድ የተማረው መካኒክ በሙያ ብቃት ምዘና የምስክር ወረቀት የሚያገኝበት መንገድ ይቅለልለት፤ ቦታውም ለልማት ሲፈለግ ከነሙያው የሚተከልበት ሌላ ቦታ ይሰጠው። መካኒክን ከደንበኛው፣ ከመለዋወጫ ሻጩና ከበያጁ ነጥሎ ከከተማ ዳር መጣል ሙያውን መበተን ነው።

ነጋዴውም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። አስመሳዩን በኦሪጅናል ካርቶን አሽጎ የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው አደጋ ነው። ደረሰኝ መቁረጥ ለገቢዎች ብቻ የሚጠቅም ነገር አይደለም፤ ሞላው በሦስት ወሩ ሲሰበር ገዢው «ከአንተ ነው የገዛሁት» የሚልበት ብቸኛው ማስረጃ ነው።

አገር የሚቆመው አዲስ ዕቃ በሚያስመርቁ ሰዎች ብቻ አይደለም። ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ያሉት ሠላሳ ዓመታት የጠጋኙ ናቸው። የ1900ው አዋጅ ስድቡን ከለከለ፤ ክብሩን መስጠት ግን ለእኛ ቀርቷል።

ሰላም ሁኑ። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ፣ በተለይ በሙያው ውስጥ ያላችሁ፣ ጻፉልን።