ኦልና ጋዲ

ስሙኝማ፣ አንድ ነገር ላውጋችሁ። ግንጪን ታውቋታላችሁ አይደል? ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ስትወርዱ፣ ሆለታንና አዲስ ዓለምን አልፋችሁ የምታገኟት፣ ጫማ የሚነጥቅ ጥቁር ዋልካ ያለባት ከተማ። ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ገና ያልጠጠረ ሰሞን፣ ለዐይን ሕክምና ዘመቻ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ እዚያ ሰነበትኩ። መዝገብ መያዝ፣ ሰው ማሰለፍ፣ ባትሪ ማብራት፤ ሥራዬ ይኸው ነው። ኦሮምኛዬ ግን ከ«አካም» አያልፍም። የአዲስ አበባ ልጅ፣ ምን ታደርጉታላችሁ!

ነርሳችን ጠጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ሁሉም «ጋሼ ኩባ» ይላቸዋል። አባታቸውን የኦጋዴን ጦርነት በላቸው፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሺዎች ከሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ጋር ባሕር ተሻግረው ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ በምትባል የኩባ ደሴት አደጉ። ግማሽ ቀን ክፍል፣ ግማሽ ቀን የብርቱካን እርሻ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ ሻይ እየጠጣን ሦስት ቃል አስያዙኝ። «ኦል» ወደ ላይ፣ «ጋዲ» ወደ ታች፣ «ኢላሊ» ተመልከት። በቃ። እኔም እንደ ዳዊት እየደገምኩ ወጣሁ።

ሰልፉ ከአጥሩ ውጭ ዞሯል። ከፊት ያሉት እናት አንገታቸው ላይ በክር ያንጠለጠሉት ማተብ መስሎኝ ነበር፤ ጠጋ ብዬ ሳይ ወረንጦ ነው። ትራኮማ እንዲህ ነው። በልጅነት ይይዛል፤ በእጅ፣ በጨርቅ፣ በዝንብ ከዐይን ወደ ዐይን ይሻገራል። ልጅ የሚያቅፉት እናቶች ደጋግሞ ይይዛቸዋል። የዐይን ሽፋኑ ውስጥ ጠባሳ ያወጣል፣ ጠባሳው ሽፋኑን ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ያኔ የገዛ ሽፋሽፍት ብሌንን ይቧጥጣል። ዐይን በተርገበገበ ቁጥር አስቡት! በወረንጦ ቢነቅሉት ተመልሶ ይበቅላል። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ1,000 ሰው 16ቱ ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዐይን ሞራ ሲሆን፣ ከ100ው 11 የሚሆኑትን ደግሞ ይኸው የትራኮማ ጠባሳ ነው።

ወደ ወጋችን እንመለስ። ጋሼ ኩባ የላይኛውን ሽፋን ሊገለብጡ አውራ ጣታቸውን አስጠግተዋል። ሽፋን የሚገለበጠው ሰው ቁልቁል ሲያይ ነው፤ ሽቅብ ካየ ጡንቻው ሽፋኑን ይዞ ይሸሻል። እኔ ባትሪዬን ደግኜ «ኦል ኢላሊ!» አልኩ። እናት ጣሪያውን አዩ። የጋሼ ጣት ሳተ። «ኦል ኢላሊ!» ደገምኩ፣ ጮክ ብዬ። (ቋንቋ የማይችል ሰው ለምን ድምፁን እንደሚጨምር እንጃ።) በሦስተኛው እናት አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ።

«ምን አሉ?»

«ይኼ ልጅ ሰማይ ላይ ምን አይቶ ነው አሉ» አሉኝ ጋሼ። «ደግሞስ ከብት እንዲመልስ እንደሚላክ እረኛ ‹ኢላሊ› የሚለኝ ምን ደፍሮ ነው አሉ።»

ኦልና ጋዲ እንደተምታቱብኝ ወዲያው ገባኝ። ሁለተኛው ጥፋቴ የገባኝ ግን ምሳ ላይ፣ አምቦ ውሃ ከፍተን ስንቀመጥ ነው።

«ኢላሊ ለአንተና ለአንቺ ነው» አሉ ጋሼ። «ለታላቅ ኢላላ ይባላል። እኔንም ኩባ አንድ ሽማግሌ እንዲሁ ቀጥተውኛል። ትምህርት በማይኖረን ቀን ዐይን ክሊኒክ እየሄድኩ ሰው እደግፍ ነበር። ስፓንኛዬ ገና የወራት ዕድሜ ነበረው፣ የለመድኩትም ከልጆች ጋር በጨዋታ ነው። ሽማግሌውን ‹ሚራ ፓራ አባሆ›፣ ወደ ታች ተመልከት አልኳቸዋ! ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አልተቆጡም፣ ‹ሚሬ› አሉኝ። ይመልከቱ በል ማለታቸው ነው። ራ እና ሬ፤ ሊ እና ላ። ለአንዲት ፊደል ባሕር ተሻግሬ ተቀጣሁ።»

ከሰዓት በኋላ የእናት ቀኝ ዐይን ተራው ደረሰ። ማደንዘዣው ተወጋ፤ ፊታቸው ላይ መሐሉ የተቀደደ ጨርቅ ተደረገ። ያኔ ነው የጋሼ ነገር ያባነነኝ። እኛ አገር ሰው የሚከበረው በአካል ነው፤ ብድግ ይባላል፣ ጎንበስ ይባላል፣ በሁለት እጅ ይሰጣል። ጨርቅ ሥር ላሉ ሰው ይኼ ሁሉ የለም። የተሰነጠቀው ሽፋን እስኪሰፋ ድረስ የሚደርሳቸው ድምፅ ብቻ ነው። ዝቅ ብዬ «ጋዲ ኢላላ፣ ሃርሜ» አልኩ። ጨርቁ ሥር «እሺ» አሉ፤ በአማርኛ! ለካ ይችላሉ።

በማግስቱ ፋሻው ተነሣ። የጠፋ ብርሃን በዚህ አይመለስም፣ መቧጠጡ ግን ቆሟል። እናት ዐይናቸውን ከደን፣ ገለጥ፣ እንደገና ከደን አደረጉ፤ ለረጅም ጊዜ። ቴትራሳይክሊን ቅባታቸውን ከመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሩት። ወረንጦው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

«ይኼንንስ አይጥሉትም?» አልኳቸው።

«ግራውስ?» አሉኝ። የግራው ዐይናቸው ተራ ለሌላ ቀን ነበር።

እጃቸውን ይዤ ደረጃውን አወረድኳቸው። ፊት ፊታቸውን እያየሁ፣ ደህና አርጌ የያዝኩ መስሎኝ፣ ልክ ግቢው መሐል ስንደርስ ክንዴን ጨብጠው አቆሙኝ።

«ጋዲ ኢላሊ!»

አንድ እግሬ ዋልካው ውስጥ ገብቷል።