የስዊዘርላንድ ገለልተኝነት

ስዊዘርላንድ በመካከለኛው አውሮፓ የምትገኝ፣ የባሕር በር የሌላት ፌዴራላዊ ሀገር ናት። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኃያላን መንግሥታት ዘላቂ ገለልተኝነቷን በ1815 ዕውቅና ሰጡት፤ የ1848ቱ ሕገ መንግሥት ካንቶን የሚባሉ ክፍለ ግዛቶቿን በአንድ ፌዴራላዊ መንግሥት ሥር አሰባሰበ። ሰባት አባላት ያሉት የፌዴራል ምክር ቤት ሀገሪቱን በጋራ ይመራል፤ ብዙ ዐበይት ጉዳዮች የሚቋጩት በሕዝበ ውሳኔ ነው።

በ1920 የመንግሥታት ማኅበርን የተቀላቀለችው ከወታደራዊ ማዕቀብ ግዴታ ነፃ ሆና ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 1936 በጄኔቫ ተገኝተው ለማኅበሩ የሀገራቸውን አቤቱታ አሰሙ፤ ስዊዘርላንድ ግን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ ያወጀችውን የበላይነት ዕውቅና ሰጠች። ይህም ገለልተኝነት ሁልጊዜ ከፍትሕ ጋር እንደማይቆም ያሳያል። በ1938 ወደ ሙሉ ገለልተኝነት ተመለሰች።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግንኙነታቸው ለተቋረጠ መንግሥታት መልእክተኛ ሆናለች፤ ከ1980 ጀምሮ የአሜሪካን ጉዳይ በኢራን ትወክላለች። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል የሆነችው በ2002፣ በሕዝበ ውሳኔ ነው። በ2022 የአውሮፓ ኅብረት በሩሲያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ መቀበሏ የገለልተኝነቷን ወሰን ዳግም አከራካሪ አድርጎታል።