መጠራጠር ክህደት ነውን?

ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ወደ አሬሮ፣ ወደ ያቤሎ ወይም ወደ ነገሌ የሚመለስ ወጣት "እግዚአብሔር መኖሩን እርግጠኛ አይደለሁም" ቢል ቤተሰቡ ይደነግጣል። በጉባኤም "ካደ" ይባላል። ይህን ስም ከመስጠታችን በፊት ቃላቱን እንለይ።

የቃላቱ ትርጉም

ኢ-አማኒ (ኤቲስት) የሚባለው ፈጣሪ የለም ብሎ የደመደመ ሰው ነው። አግኖስቲክ ፈጣሪ መኖሩንም አለመኖሩንም ማወቅ አይቻልም ይላል። ተጠራጣሪ ግን ገና አልደመደመም፤ ጥያቄ ይዞ መልስ ይፈልጋል። አማኝም ሊጠራጠር ይችላል።

በአገራችን

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከሕዝቡ 43.5 በመቶ ኦርቶዶክስ፣ 33.9 ሙስሊም፣ 18.6 ፕሮቴስታንት፣ 2.6 የባህላዊ እምነት ተከታይ፣ 0.7 ካቶሊክ ሆኖ ተመዝግቧል። ቀሪው "ሌላ" በሚል ተጠቃሏል። እምነት የለኝም ለሚል ሰው ራሱን የቻለ ቦታ በውጤቱ የለም። ስለዚህ የልብ ጥርጣሬ ከዚህ ቁጥር አይታወቅም።

በቦረና "ዋቃ" የሚለው ቃል ፈጣሪንም ሰማይንም ያመለክታል፤ ምርቃትም በስሙ ነው። እዚህ ያደገ ሰው ፈጣሪ የለም ሲል ከእምነት ብቻ ሳይሆን ከወገኑም የወጣ ይመስላል። ዝም የሚለውም ለዚህ ነው። ዝምታ ግን እምነት አይደለም።

በግድ የማይሆን ነገር

ደርግ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ሶሻሊዝምን ካወጀ በኋላ ማርክሲዝም ሌኒኒዝም የመንግሥት ትምህርት ሆነ። ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገደሉ። ሥርዓቱ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ግን በየቤቱ ተደብቀው ይጸልዩ የነበሩ አማኞች በአደባባይ ተሰበሰቡ። ኢ-አማኒነት በትእዛዝ ልብ ውስጥ አልገባም። እምነትም እንዲሁ በትእዛዝ አይገባም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ማንም የፈለገውን እምነት ከመያዝ በኃይል እንዳይከለከል ይደነግጋል።

ከ1983 እስከ 1987 ዓ.ም. በሽግግሩ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አቶ ታምራት ላይኔ በማርክሲስት አስተሳሰብ የታገሉ ሰው ነበሩ። በ1989 ዓ.ም. ታስረው በ2001 ዓ.ም. ተፈቱ። በእስር ቤት ሳሉ ክርስቶስን እንዳመኑ በይፋ መስክረዋል። አቶ ታምራት ያመኑት ሥልጣናቸውን ካጡ በኋላ ነው፤ ያስገደዳቸውም ሰው የለም።

ቃሉ ምን ያስተምራል?

ቶማስ ካላየሁ አላምንም ሲል ጌታ አላባረረውም፤ ቁስሉን አሳየው (ዮሐ. 20)። መጥምቁ ዮሐንስ ከወኅኒ ሆኖ የሚመጣው አንተ ነህን ብሎ ባስጠየቀ ጊዜ መልስ እንጂ ተግሣጽ አልተላከለትም (ማቴ. 11)። የታመመው ልጅ አባት ማመኑንና አለማመኑን በአንድ ቃል ተናገረ፤ ልጁም ተፈወሰ (ማር. 9)። ይሁዳም በመልእክቱ ለሚጠራጠሩት እንድንራራ ያዝዛል (ቁ. 22)።

ስለዚህ ወላጆችና አገልጋዮች ሆይ፣ የሚጠይቀውን ልጅ ከመዘምራን ለማውጣት አንቸኩል። ጥያቄው ስለ መከራ ነው? ስለ ሳይንስ ነው? ወይስ አማኝ ነኝ የሚል ሰው አቁስሎት ነው? ለእያንዳንዱ የሚሰጠው መልስ ይለያያል። የማናውቀውን አናውቅም እንበል፤ አብረን እንመርምር፤ አብረን እንጸልይ። እስከ መጨረሻው አላምንም የሚልም ቢኖር ልጃችንና ጎረቤታችን መሆኑ አይቀርም።

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን።