የመምህር አማካሪነት ለሴት፣ ለአካል ጉዳተኛና ከገጠር ለመጡ የሳይንስ ተማሪዎች

የመምህር አማካሪነት አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ለተወሰኑ ተማሪዎች በትምህርት፣ በጥናት ዘዴና በሙያ ምርጫ ረገድ በቋሚነት የሚሰጠው ምክርና ክትትል ነው። የማጠናከሪያ ትምህርት (ቱቶሪያል) በአንድ የትምህርት ዓይነት ላይ ያተኩራል፤ አማካሪነት ግን ተማሪው ከገባበት ጊዜ አንሥቶ እስኪመረቅ ያለውን አጠቃላይ ሁኔታ ይመለከታል።

አስፈላጊነቱ

አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ መነሻው በ1970ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጓል። ከጨንቻ፣ ከዲታ፣ ከቦንኬና ከመሳሰሉት የጋሞ ዞን ደጋማ ወረዳዎች የሚመጣ ተማሪ የተሟላ ቤተ ሙከራ ሳያይ የኬሚስትሪ ወይም የፊዚክስ ትምህርት ሊጀምር ይችላል። በዞኑ በሸክላና በቆዳ ሥራ የሚተዳደሩ የማኅበረሰብ ክፍሎች ደግሞ ለረጅም ዘመን በማኅበራዊ መገለል ውስጥ ኖረዋል። ከእነዚህ ቤተሰቦች ቀድሞ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ልምዱን የሚያካፍለው ዘመድ ላያገኝ ይችላል።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ገቢ ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርቶችን ይወስዳሉ፤ ወደ ትምህርት ክፍል የሚመደቡትም ምርጫቸውና ውጤታቸው ታይቶ ነው። በመሆኑም በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት የሚመዘገብ ዝቅተኛ ውጤት የኋላውን ምርጫ ያጠብባል። ለመመረቅ ቢያንስ 2.00 አጠቃላይ አማካይ ውጤት ያስፈልጋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና ማለፍም ይጠበቅባቸዋል። የአካዳሚክ ማስጠንቀቂያ ከደረሰ በኋላ የሚፈለግ ምክር ብዙ ጊዜ ይዘገያል።

የሕግ መሠረት

የኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች በታሪክ ከደረሰባቸው የእኩልነት መጓደል የተነሣ የድጋፍ እርምጃ ተጠቃሚ እንዲሆኑ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በከፍተኛ ትምህርት አድልዎ እንዳይኖርና ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ ያስገድዳል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ተማሪዎችን ማማከርና ልዩ ድጋፍ የሚሹትን ማገዝ የመምህራን ኃላፊነት አድርጎ ይደነግጋል። ምክሩ የመምህሩ መደበኛ ሥራ አካል በመሆኑ ተማሪው ክፍያ አይጠየቅበትም።

አማካሪ መምህር የሚያከናውናቸው ተግባራት

• የተማሪውን ውጤት በየመንፈቀ ዓመቱ አይቶ የድጋፍ ዕቅድ ማውጣት፤
• ተማሪውን ከማጠናከሪያ ትምህርት፣ ከቤተ ሙከራ ልምምድና ከምርምር ሥራ ጋር ማገናኘት፤
• ማየት ወይም መስማት ለተሳነው ተማሪ የፈተና ጊዜና የመማሪያ ቁሳቁስ እንዲመቻች ለትምህርት ክፍሉ ማሳወቅ፤
• ስለ ትምህርት ክፍል ምርጫና ስለ ሁለተኛ ዲግሪ ዕድል መምከር።

አማካሪው ውጤት አያስጨምርም፤ የተማሪውንም የግል ጉዳይ ያለ ፈቃዱ ለሌላ አያሳውቅም።

አገልግሎቱን ለማግኘት

1. ተማሪው በምዝገባ ሳምንት የተመደበለትን አማካሪ ስም ከትምህርት ክፍሉ ወይም ከአንደኛ ዓመት አስተባባሪው ይጠይቃል።
2. አማካሪ ያልተመደበለት ተማሪ ለትምህርት ክፍል ኃላፊው በጽሑፍ ያመለክታል፤ የማመልከቻውንም ግልባጭ ይይዛል።
3. ሴት ተማሪዎች በሥርዓተ ፆታ ጉዳዮች፣ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ደግሞ በልዩ ፍላጎት ድጋፍ የሥራ ክፍል በኩል ተጨማሪ ድጋፍ መጠየቅ ይችላሉ። የጉዳት ዓይነትን የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃ ካለ አብሮ ይቀርባል።
4. በመጀመሪያው ግንኙነት የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የትምህርት ፕሮግራምና የከበዱ ትምህርቶች ዝርዝር ይዞ መቅረብ ይመከራል።

ቅሬታ

ውይይቱ በሥራ ሰዓትና በቢሮ ሊካሄድ ይገባል። ለምክር ገንዘብ ወይም ሌላ ጥቅም የተጠየቀ፣ ወይም ፆታዊ ትንኮሳ የደረሰበት ተማሪ ጉዳዩን ለሥርዓተ ፆታ ጉዳዮች የሥራ ክፍል፣ ለተማሪዎች ዲን ወይም ለዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል ማቅረብ ይችላል። አማካሪ እንዲቀየር መጠየቅም የተማሪው መብት ነው፤ ጥያቄው በውጤቱ ላይ ተጽዕኖ ሊያስከትል አይገባም።