ልጅን ያለ ሌላው ወላጅ ፈቃድ ወደ ውጭ አገር መውሰድ

ልጅ የማሳደግ መብትን የሚጋራ አባት ወይም እናት ልጁን ለሌላው ወላጅ ሳያሳውቅ ድንበር አሻግሮ ሲወስደው ወይም ለዕረፍት ወስዶ በዚያው ሲያስቀረው፣ ጉዳዩ በአባል አገሮች መካከል የሚታየው በ1980 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሄግ ስምምነት ነው። ስምምነቱ ሥራ ላይ የዋለው በ1983 ሲሆን ከ100 በላይ አገሮች ተቀብለውታል።

ስምምነቱ ልጁ ከማን ጋር ይደግ የሚለውን አይወስንም፤ ብዙ ወላጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የሚወስነው የየትኛው አገር ፍርድ ቤት ይዳኝ የሚለውን ነው፤ እሱም ልጁ ከመወሰዱ በፊት በመደበኛነት ይኖርበት የነበረው አገር ነው። 16 ዓመት የሞላውን ልጅ አይመለከትም።

አቤቱታው ልጁ በተወሰደ በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀረበ ፍርድ ቤቱ በመርህ ደረጃ እንዲመለስ ያዛል። ከዚያ በኋላ ግን ልጁ አዲሱን አካባቢ መላመዱ ከተረጋገጠ ሊቀር ይችላል። መመለሱ ለከባድ አካላዊ ወይም ሥነ ልቦናዊ ጉዳት የሚያጋልጠው ከሆነም ጥያቄው ውድቅ ሊሆን ይችላል፤ ከቤት ውስጥ ጥቃት የሸሹ እናቶች የሚያነሱት መከላከያ ይኸው ነው። በ2010 ከቺሊ ወደ ቴክሳስ በተወሰደ ልጅ ጉዳይ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጎብኘት መብት ያለው አባት ልጁ ያለ ፈቃዱ ከአገር እንዳይወጣ የመከልከል መብት ካለው፣ ይህ እንደ ማሳደግ መብት ይቆጠራል ብሏል።

አሜሪካና እስራኤል አባል ናቸው፤ ኢትዮጵያ አይደለችም። ልጁ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ከተወሰደ፣ በአሜሪካ የቀረው ወላጅ በስምምነቱ መጠቀም ስለማይችል በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት በቤተሰብ ሕጉ መሠረት መክሰስ ይኖርበታል። ስለዚህ ጠበቆች ጉዞው ከመደረጉ በፊት የእገዳ ትእዛዝ ማውጣትን ይመርጣሉ።