የክብ ጌጠኛ ፊደል አመጣጥና በትምህርት ቤት ያለው ተገቢ ስፍራ

በትምህርት ቤት ግድግዳ፥ በክበባት ሰሌዳና በሕፃናት መጻሕፍት ሽፋን ላይ በእጅ የተሣለ የሚመስል፥ ጫፉ የተድበለበለ ፊደል ይታያል። ቅርጹ የሕፃናትን ዓይን ይስባል፤ ይሁን እንጂ ስፍራው ካልተለየ ፊደል የሚቆጥረውን ተማሪ ሊያሳስት ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጌጠኛ ፊደልን ታሪክ በአጭሩ ተመልክቶ ተገቢ ስፍራውን ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ማመልከት ነው።

የብራና ጸሐፊዎች የርእስን ጉዳይ በራሳቸው ጥበብ ፈትተውት ነበር። የመጽሐፉን መጀመሪያ በሐረግ ያስጌጡ፥ ርእሱንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር። ጌጡ በፊደሉ ዙሪያ እንጂ በፊደሉ አካል ላይ አልነበረምና አንባቢው አይደናገርም።

በግእዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፥ መዝሙረ ዳዊት፥ እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም ወጣ። በአገራችንም ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የኅትመት ፊደል እየተስፋፋ ሄደ። በእጅ የሚሣለው ፊደል ግን በሱቅ ሰሌዳና በማስታወቂያ ላይ ኑሮውን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ የኮምፒዩተር ሥርዓት ከተካተተ ወዲህም ይኸው የእጅ ጥበብ ወደ ኮምፒዩተር ተሻግሯል። በፊደል አጣጣል ጥበብ የሚታወቁት የይገዙ ብሥራት ስም የተሰጣቸው «ጎፈር» እና «ጎቲክ» የተባሉት ቅርጾች ለዚህ ምሳሌ ናቸው።

የውጭው ዓለም ልምድም ትምህርት ይሰጣል። ቪንሰንት ኮነር እ.ኤ.አ. በ1994 ለማይክሮሶፍት የነደፈው «ኮሚክ ሳንስ» የሥዕላዊ ታሪክ ገጸ ባሕርያትን አጫጭር ንግግር ለመጻፍ የታሰበ ነበር። በደብዳቤና በመቃብር ሐውልት ላይ ሳይቀር በመዋሉ ግን የብዙዎች መሳለቂያ ሆነ። ጉድለቱ ከቅርጹ ይልቅ ከአጠቃቀሙ የመነጨ ነው።

በእኛ ፊደል ጉዳዩ ከውበት አልፎ የንባብ ጉዳይ ይሆናል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ድምፅ ሲረቡ 231 ቅርጾች ይሆናሉ፤ ልዩነታቸውም ብዙ ጊዜ አንዲት ጭረት ወይም ቀለበት ናት። «ቢ» በእግሩ ጭረት፥ «ቤ» ደግሞ ቀለበት አለው። የጭረቱ ጫፍ ሲድበለበል ቀለበት ይመስላል፤ ቀለበቱ ሲደፈንም ጭረት ይመስላል። በዚህ ዓይነት ቅርጽ የተጻፈውን «ፈረስ ቤት» የከተማውን ስም አስቀድሞ የሚያውቅ ሁሉ ያለ ችግር ያነበዋል፤ በፈረስ ቤት፥ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ገና ፊደል የሚለየው የአንደኛ ክፍል ልጅ ግን «ፈረስ ቢት» ቢል አይፈረድበትም። «ደ»ን ከ«ጀ»፥ «ነ»ን ከ«ኘ» የሚለየው የራስ ምልክትም እንዲሁ ሊደበዝዝ ይችላል።

ስለዚህ ክብ ጌጠኛ ፊደል ጥቂት ቃላት በትልቁ በሚጻፉበት ስፍራ፥ ማለትም በመጽሐፍ ሽፋን፥ በበዓል ማስታወቂያ፥ በክበብ ስምና በሥዕላዊ ታሪክ ንግግር ላይ ቢውል መልካም ነው። የፊደል ገበታ፥ የንባብ ምንባብና የፈተና ወረቀት ግን ጥርት ባለ የቁም ፊደል ሊዘጋጁ ይገባል። መምህሩ ጌጥ ሲሻ የጥንት ጸሐፊዎችን አብነት ተከትሎ በፊደሉ ዙሪያ ሐረግ ይሣል፤ ፊደሉን ግን እንዳለ ይተወው።