የቃጠሎ መልክ (በእንጨት ታፔላ ላይ)

የቃጠሎ መልክ በእንጨት ታፔላ ላይ የተቀረጹ ፊደላትና ሥዕሎች በእሳት ጠቁረው ከቀሪው ገጽ ጎልተው እንዲታዩ የሚያደርግ የማስጌጥ ዘዴ ነው። ጥቁረቱ ከላይ የተቀባ ቀለም ሳይሆን የእንጨቱ የራሱ ከሰል ነው።

አሠራር፦ ጽሑፉ በመሮ ወይም በመቅረጫ ማሽን ይቦረቦራል። ቀጥሎ ገጹ በሙሉ በጋዝ ነበልባል ይለበለባል፤ ነበልባሉ አንድ ቦታ ላይ መቆም የለበትም። እንጨቱ ሲቀዘቅዝ ከፍ ያለው ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፤ ጥቁረቱ በጎድጓዳው ውስጥ ብቻ ይቀራል። ለቀጭን መስመር በኤሌክትሪክ የሚግል ብረት ይመረጣል። በመጨረሻ ብናኙ በብሩሽ ተጠርጎ ቫርኒሽ ይቀባል፤ ያለዚያ ከሰሉ እጅና ልብስ ያጠቁራል።

የእንጨት ምርጫ፦ እንደ ፓይን ባሉ ለስላሳ እንጨቶች በዕድገት ወቅት መጀመሪያ የበቀለው ሳሳ ያለ ክፍል ዘግይቶ ከበቀለው ጠንካራ ክፍል ቀድሞ ይቃጠላል። ስለዚህ የዓመት ቀለበቶቹ መስመር ደምቆ ይወጣል።

ተዛማጅ ጥበብ፦ በጃፓን ያኪሱጊ በሚባለው ባህላዊ ዘዴ ለቤት ግድግዳ ልባስ የሚሆን፣ ሱጊ ከሚባል ዛፍ የተሠራ ሳንቃ ይለበለባል። ሦስት ሳንቃዎች በሦስት ማዕዘን እንደ ጭስ ማውጫ ይታሰሩና ከውስጥ እሳት ይለቀቅባቸዋል።

ጥንቃቄ፦ ቀለም የተቀባ ወይም በመከላከያ ኬሚካል የተነከረ እንጨት ፈጽሞ አይለበለብም። በተለይ መዳብ፣ ክሮምና አርሴኒክ ያለበት እንጨት ጭሱም አመዱም መርዛማ ነው። ሥራው ከቤት ውጭ፣ ውሃ በቅርብ ተቀምጦ ይከናወናል። ከሰል ውስጥ ውስጡን ሊግል ስለሚችል፣ ታፔላው ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ወደ ቤት አይገባም።